የሚተጣጠፉ ፕሮቲኖች፦ ሕዋስ ራሱን የሚያጸዳበት አሠራርና ከድሬዳዋ የሚገኝ ትምህርት



በድሬዳዋ ከተማ፣ ከደቻቱ ወንዝ አጠገብ በሚገኘው በቀፊራ ገበያ ማለዳ የቆመ ሰው ከገጠር በግመልና በአህያ ተጭኖ የመጣ ማገዶ ሲራገፍ ይመለከታል። እንጨቱ ግትር ነው፤ ከመታጠፍ ይልቅ መሰበር ይቀናዋል። ገመዱና ጠፍሩ በአንጻሩ ለብቻቸው የማይቆሙ፣ የራሳቸው የረጋ ቅርጽ የሌላቸው፣ ነገር ግን በሚጠመጠሙበት ዕቃ ልክ ቅርጽ የሚይዙ ናቸው። እንጨቱ ያለ ገመዱ ከግመሉ ጀርባ ላይ አይረጋም፤ ገመዱም ያለ እንጨቱ ጭነት አይባልም። ገበያተኛው ይህን ማንም ሳያስተምረው ያውቀዋል። የሥነ ሕይወት ሊቃውንት ግን ይኸው እውነት በሕዋስ ውስጥ ላሉ ፕሮቲኖችም የሚሠራ መሆኑን አምነው ለመቀበል ብዙ አሥርት ዓመታት ፈጅቶባቸዋል።

የዚህ ንግግር ርእስ ሕዋስ ያረጀውንና የተበላሸውን የራሱን ክፍል ሰብስቦ የሚያፈርስበት፣ በሳይንስ ቋንቋ ኦቶፋጂ የሚባለው አሠራር ነው። በተለይም ይህን ሥራ የሚያከናውኑት ፕሮቲኖች ያላቸው የመተጣጠፍ ጠባይ ይመረመራል። ጉዳዩ ከሩቅ ሲታይ የቤተ ሙከራ ጥያቄ ብቻ ሊመስል ይችላል። ነገር ግን ድሬዳዋን ካጠቁ ሁለት በሽታዎች፣ ይኸውም ከቺኩንጉንያና ከወባ ጋር የሚገናኝ በመሆኑ፣ ለሐኪሙም፣ ለመድኃኒት ባለሙያውም፣ ለሥነ ሕይወት መምህሩም የሚያስፈልግ ዕውቀት ነው።

ወረርሽኙና ገበያው

በ2011 ዓ.ም. ክረምት፣ እ.ኤ.አ. በ2019 መሆኑ ነው፣ በድሬዳዋ ድንገተኛ ትኩሳትና ከባድ የመገጣጠሚያ ሕመም የሚያስከትል በሽታ ተነሣ። ምርመራው ቺኩንጉንያ መሆኑን አረጋገጠ። በጥቂት ወራት ውስጥም በአሥር ሺዎች የሚቆጠሩ ሰዎች ታመሙ። በሽታው በኢትዮጵያ ውስጥ በወረርሽኝ መልክ የታወቀው ከዚያ ሦስት ዓመት ቀደም ብሎ፣ እ.ኤ.አ. በ2016 በሶማሌ ክልል በዶሎ አዶ ነበር። ቫይረሱ በመጀመሪያ የተገኘው ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1952 እና በ1953 በዛሬዋ ታንዛንያ በደረሰ ወረርሽኝ ሲሆን፣ ስሙ ከማኮንዴ ቋንቋ የተወሰደ ነው፤ ትርጉሙም «የሚያጎብጥ» እንደ ማለት ነው። ስያሜው ከበሽታው ጠባይ ጋር ይስማማል። ገዳይነቱ ዝቅተኛ ቢሆንም የበሽተኛውን ጉልበት፣ ቁርጭምጭሚት፣ የእጅ አንጓና ጣት እየያዘ ያጎብጠዋል። በአንዳንዱ ሰው ላይ ሕመሙ ትኩሳቱ ከለቀቀ በኋላ ለወራት፣ አልፎ አልፎም ለዓመታት ይቆያል። ጭነት እያነሣ ለሚያድር ተሸካሚ ወይም ቀኑን ሙሉ መሬት ላይ ተቀምጣ አትክልት ለምትቸረችር ሴት ይህ ምን ማለት እንደ ሆነ ማብራሪያ አያሻውም።

ቫይረሱን የምታስተላልፈው ኤዴስ ኢጂፕታይ የተባለችው፣ በቀን የምትናከስ ትንኝ ናት። እ.ኤ.አ. በ2013 በድሬዳዋ ለተነሣው የዴንጌ ትኩሳት ወረርሽኝም ምክንያቷ ይህችው ትንኝ ነበረች። ከዚያ በኋላ በከተማው የተካሄደና እ.ኤ.አ. በ2015 የታተመ ጥናት የትንኟን እጮች በተጣሉ ጎማዎች፣ በበርሜሎች፣ በጀሪካኖችና በሸክላ ዕቃዎች ውስጥ አግኝቷል። ያረጀ ጎማ ከበረባሶ ሠሪ እጅ ከገባ ጫማ ይሆናል፤ ሳይነሣ ቀርቶ ውሃ ያቆረ እንደ ሆነ ግን የትንኝ መፈልፈያ ይሆናል። ዕቃው አንድ ነው፤ ልዩነቱ የሚመጣው ሰብሳቢ በማግኘቱና ባለማግኘቱ ነው። በሕዋስ ውስጥ የሚሆነውም ከዚህ ብዙ አይለይም።

ሕዋስ ራሱን የሚያጸዳው እንዴት ነው?

ቤልጂጋዊው ሊቅ ክርስቲያን ደ ዱቭ እ.ኤ.አ. በ1955 ላይሶሶም የተባለችውን፣ በአሲድና በአፍራሽ ኢንዛይሞች የተሞላችውን ትንሽ የሕዋስ ከረጢት ለዓለም አስታወቀ። ከስምንት ዓመት በኋላም፣ እ.ኤ.አ. በ1963፣ ሕዋስ የራሱን ክፍል ወደዚች ከረጢት አስገብቶ የሚያፈርስበትን ሥራ ከሁለት የግሪክ ቃላት አውጥቶ ኦቶፋጂ አለው፤ «ራስን መብላት» ማለት ነው። ደ ዱቭ እ.ኤ.አ. በ1974 የኖቤል ሽልማትን ከሌሎች ሁለት ሊቃውንት ጋር ተካፈለ። ይሁን እንጂ ሥራውን የሚያካሂዱት ፕሮቲኖች የትኞቹ እንደ ሆኑ ገና አልታወቀም ነበር።

ይህን ደጅ የከፈተው ጃፓናዊው ዮሺኖሪ ኦሱሚ ነው። ኦሱሚ የተጠቀመበት ፍጡር ከእንጀራና ከጠላ ጋር ለሚኖር ሕዝብ እንግዳ ያልሆነው እርሾ ነበር። እርሾውን ምግብ ነሥቶ በአጉሊ መነጽር ሲመለከት፣ በሕዋሱ ውስጥ ትናንሽ ከረጢቶች ተከማችተው አየ። ይህም እ.ኤ.አ. በ1992 ታተመ። በሚቀጥለው ዓመት ደግሞ ይህን ሥራ መሥራት ያቃታቸውን የእርሾ ዝርያዎች ለይቶ፣ ለኦቶፋጂ የሚያስፈልጉ አሥራ አምስት ጂኖች መኖራቸውን ገለጸ። እ.ኤ.አ. በ2016 የኖቤል ሽልማትን ለብቻው ተቀበለ። ዛሬ ፕሮቲኖቹ «ኤቲጂ» በሚል የጋራ ስም በቁጥር ተለይተው ይጠራሉ።

የሥራው ሂደት በአጭሩ ሲገለጽ እንደሚከተለው ነው። ሕዋስ ሲራብ ወይም ሲጎዳ፣ በውስጡ ካለው ፈሳሽ መካከል ድርብ የሆነ ስስ የቅባት ሽፋን ብቅ ይላል። ይህ ሽፋን አፉን እንደ ከፈተ ጆንያ ነው፤ ነገር ግን አስቀድሞ የተሰፋ ጆንያ ሳይሆን በሚሰበስበው ቆሻሻ ዙሪያ ራሱ እየተሰፋ የሚያድግ ነው። ያረጀ ማይቶኮንድርያ፣ ተበላሽቶ የተጓጎለ ፕሮቲን፣ ከውጭ የገባ ተሕዋስ በውስጡ ይቀራል። ከዚያ በኋላ አፉ ይዘጋል፤ ከላይሶሶም ጋር ይዋሐዳል፤ የተያዘውም ሁሉ ፈርሶ አሚኖ አሲድና ሌላም ጥሬ ዕቃ ሆኖ ወደ ሥራ ይመለሳል። ይህ ሥራ ሲቋረጥ የሚደርሰው ጉዳት ከባድ ነው። እ.ኤ.አ. በ2006 የታተሙ ሁለት ጥናቶች እንዳሳዩት፣ ኤቲጂ5 ወይም ኤቲጂ7 ከአንጎላቸው እንዲጠፋ የተደረጉ አይጦች፣ ሌላ በሽታ ሳይነካቸው፣ በነርቭ ሕዋሶቻቸው ውስጥ የተጓጎለ ፕሮቲን ተከማችቶ ነርቮቻቸው ተጎድተዋል።

ከቁልፍና ከቁልፍ ቀዳዳ ወደ ገመድ

ጀርመናዊው ኬሚስት ኤሚል ፊሸር እ.ኤ.አ. በ1894 ኢንዛይምና የሚሠራበት ነገር እንደ ቁልፍና እንደ ቁልፍ ቀዳዳ ይገጣጠማሉ ሲል አስተማረ። ይህ ምሳሌ ከመቶ ዓመት በላይ በትምህርት ቤት መጻሕፍት ውስጥ ኖሯል። እ.ኤ.አ. በ1958 ዳንኤል ኮሽላንድ ኢንዛይሙ የሚሠራበትን ነገር ሲያገኝ ቅርጹን እንደሚያስተካክል በማስረዳት ምሳሌውን አሻሻለ፤ ቀዳዳው ከብረት ይልቅ ለእጅ እንደሚለብሱት ጓንት ያለ ሆነ። ከ1990ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ ደግሞ ከዚህ የራቀ ሐሳብ ተጠናከረ፤ ይኸውም አንዳንድ ፕሮቲኖች፣ ወይም የፕሮቲን ሰፋፊ ክፍሎች፣ ለብቻቸው ሳሉ ምንም የረጋ ቅርጽ የላቸውም፤ ሥራቸውን የሚሠሩትም በዚሁ ጠባያቸው ነው የሚል ነው።

ሐሳቡ የዘገየበት ምክንያት ከመመርመሪያው መሣሪያ ጋር የተያያዘ ነው። የፕሮቲንን ቅርጽ በኤክስ ሬይ ለማንበብ ፕሮቲኑ ተጣርቶ ክሪስታል መሆን አለበት፤ ክሪስታል ለመሆንም ሁሉም ሞለኪውሎች በአንድ ዓይነት አቋም መሰለፍ ይገባቸዋል። የሚወዛወዘው ክፍል ግን በሥዕሉ ላይ ባዶ ስፍራ ሆኖ ይቀራል። ተመራማሪዎችም ክሪስታሉ እንዲሳካ ይህን ክፍል ብዙ ጊዜ አስቀድመው ቆርጠው ያስወግዱ ነበር። እንግዲህ ለረጅም ጊዜ እንጨቱ ሲለካ ገመዱ ይጣል ነበር ማለት ነው።

አራት ምሳሌዎች

ከኦቶፋጂ ፕሮቲኖች መካከል አራቱን መመልከት የመተጣጠፍን ጥቅም በግልጽ ያሳያል።

የመጀመሪያው ኤቲጂ13 ነው። ይህ ፕሮቲን አብዛኛው አካሉ የረጋ ቅርጽ የለውም። ሕዋስ ምግብ በጠገበ ጊዜ ብዙ ፎስፌት ይለጠፍበታልና ከባልደረቦቹ ጋር በሚገባ አይያያዝም። ረኃብ ሲመጣ ፎስፌቱ ይነሣል፤ ያን ጊዜ ረጅሙ ልል አካሉ በአንድ ወገን ኤቲጂ1ን፣ በሌላ ወገን ደግሞ ከአንድ በላይ የሆኑ የኤቲጂ17 ሞለኪውሎችን ያስተሳስራል። የጃፓን ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2020 እንዳሳዩት፣ በዚህ መንገድ የተሳሰሩት ፕሮቲኖች በውሃ ላይ እንደ ወደቀ የዘይት ጠብታ ተሰባስበው አንድ ላይ ይቆማሉ፤ የከረጢቱም ሥራ የሚጀመረው በዚያ ስፍራ ነው። ግትር የሆነ ፕሮቲን ይህን የመሰለ ፈጥኖ የሚገናኝና ፈጥኖ የሚበተን ጉባኤ ሊሠራ አይችልም።

ሁለተኛው ኤቲጂ4ቢ የተባለው ኢንዛይም ነው። ኤቲጂ8 የሚባለውና በሰው ዘንድ ኤል.ሲ.3 በመባል የሚታወቀው ትንሽ ፕሮቲን ሲሠራ ከጫፉ ላይ ትርፍ ጭራ ይኖረዋል። ኤቲጂ4ቢ ይህን ጭራ ይቆርጣል፤ ኋላም ኤል.ሲ.3 ሥራውን ሲጨርስ ከሽፋኑ ላይ ይፈታዋል። እንዲህ ያለ ስለታም መሣሪያ በሕዋስ ውስጥ ክፍቱን ሊቀመጥ አይገባም። እ.ኤ.አ. በ2009 የታተመው የቅርጽ ጥናት እንዳሳየው፣ ኢንዛይሙ ሥራ በሌለው ጊዜ አንዲት ተንቀሳቃሽ ቀለበት መግቢያውን፣ የራሱ የፊት ጫፍ ደግሞ መውጫውን ይሸፍናሉ። ኤል.ሲ.3 በመጣ ጊዜ ቀለበቷ ትነሣለች፤ ጫፉም ፈንጠር ይላል። ቢላዋው ሰገባ አለው ማለት ነው፤ ሰገባውም ከራሱ አካል የተሠራ ነው።

ሦስተኛው ኤቲጂ3 ነው። ሥራው ኤቲጂ8ን ተቀብሎ ከቅባቱ ሽፋን ጋር ማጣበቅ ነው። በአካሉ መካከል ረጅም ተጣጣፊ ክፍል አለው። በፊት ጫፉ ያለችው ሌላዋ ክፍል ደግሞ ሽፋኑ በኃይል የተጎበጠበትን ስፍራ ለይታ ትይዛለች። እያደገ ባለው ከረጢት ላይ እጅግ የጎበጠው ስፍራ አፉ፣ ማለት ከንፈሩ ነው። ስለዚህ ኤቲጂ3 ኤቲጂ8ን በማናቸውም የሕዋስ ሽፋን ላይ እንዲሁ አይበትነውም፤ ስፌቱ በሚካሄድበት ጠርዝ ላይ ለማኖር ያስችለዋል። ኤቲጂ8 ራሱም ቢሆን ጸጥ ያለ አይደለም፤ ከዚሁ ቤተሰብ የሆነው ጋባራፕ የተባለው ፕሮቲን እ.ኤ.አ. በ2002 ሲጠና የፊት ጫፉ ሁለት የተለያዩ አቋሞች ሲይዝ ተገኝቷል።

አራተኛው የተቀባዮች ወገን ነው። ፒ62 እና ኤን.ዲ.ፒ.52 የመሳሰሉት ተቀባዮች በአንድ እጃቸው ቆሻሻውን፣ በሌላ እጃቸው ኤቲጂ8ን ይይዛሉ። ኤቲጂ8ን የሚይዙበት ክፍል እጅግ አጭር ነው፤ ዋናው በአራት ተከታታይ አሚኖ አሲዶች ይወሰናል። ይህች ክፍል ለብቻዋ ሳለች እንደ ተፈታ ክር ናት፤ ኤቲጂ8 ላይ ስታርፍ ግን ቀጥ ብላ በጎኑ ትሰለፋለች፤ ሁለት ጉጦቿም በሁለት ጉድጓዶቹ ውስጥ ይገባሉ። የአንዲቱ ክር አያያዝ ደካማ ነው። ነገር ግን ፒ62 እርስ በርሱ እየተያያዘ ረጅም ሰንሰለት ይሠራል፤ በሰንሰለቱ ላይ ያሉት ብዙ ክሮች በአንድነት ሲይዙ ግን ጭነቱ አይነቃነቅም። ድር ቢያብር አንበሳ ያስር የሚለው አባባል ለዚህ ሥራ በሚገባ ይስማማዋል።

ይሁንና ሁሉ ነገር ተጣጣፊ ነው ማለት አይደለም። የሽፋኑን ቅባት ከሌላ ስፍራ የሚያጓጉዘው ኤቲጂ2 ወደ 20 ናኖሜትር የሚጠጋ ርዝመት ያለው በትር ነው፤ ውስጡም እንደ አሸንዳ ነው። ቅባት የሚፈስበት አሸንዳ ቢተጣጠፍ ኖሮ ሥራው በተስተጓጎለ ነበር። የሕዋስ ጥበብ ግትሩንና ተጣጣፊውን እንደየሥራው በማቀናጀቱ ላይ ነው።

ቫይረሱ ሲገባ

የዚህ ዕውቀት ክብደት የሚታወቀው ቺኩንጉንያ ወደ ሕዋስ ሲገባ ነው። እ.ኤ.አ. በ2012 በፈረንሳይ ተመራማሪዎች የታተመ ጥናት፣ ቫይረሱ የገባበት ሕዋስ ኦቶፋጂን እንደሚያፋጥንና ይህም የሕዋሱን ሞት እንደሚያዘገይ አስረዳ። በተከታዩ ዓመት፣ እ.ኤ.አ. በ2013፣ ሁለቱ ተቀባዮች በየበኩላቸው ምን እንደሚሠሩ ታወቀ። ፒ62 የቫይረሱን የልባስ ፕሮቲን፣ የሚወገድ መሆኑን የሚያመለክተው ምልክት ተለጥፎበት ሲያገኘው፣ ይዞ ወደ ላይሶሶም ይወስደዋል፤ በዚህም ሕዋሱን ይጠብቃል። የሰው ኤን.ዲ.ፒ.52 ግን ኤን.ኤስ.ፒ.2 በሚባለው የቫይረሱ ፕሮቲን ይያዛል፤ ውጤቱም የቫይረሱ መራባት መጨመር ነው። ከሁለቱ የአንድ ሥራ ባልደረቦች አንዱ ለቤቱ ሲሠራ ሌላው ሳያውቅ ለሌባው በር ይከፍታል።

ከዚሁ ጥናት የተገኘ ሌላ ትልቅ ቁም ነገር አለ። የአይጥ ኤን.ዲ.ፒ.52 ከቫይረሱ ፕሮቲን ጋር አይያያዝም። ስለዚህ በአይጥ ላይ ብቻ የተሞከረ መድኃኒት፣ በሰው ሕዋስ ውስጥ ካለው ሁኔታ ግማሹን ሳያይ ሊያልፍ ይችላል።

ቫይረሱም ቢሆን የመተጣጠፍን ጥቅም ያውቃል። ኤን.ኤስ.ፒ.3 የሚባለው ፕሮቲኑ ጭራው ላይ የረጋ ቅርጽ የሌለው ረጅም ክፍል አለው፤ በዚህም ክፍል የተለያዩ የሰው ፕሮቲኖችን እያጠመደ ለራሱ መራባት ያውላቸዋል። ቫይረስ የሚሸከመው የዘር መረጃ ጥቂት ነው፤ ለእያንዳንዱ ሥራ የተለየ መሣሪያ ሊሠራ አይችልም። አንድ ገመድ ግን ብዙ ዓይነት ዕቃ ያስራል። የሰው ሕዋስ ተቀባዮች ብዙ ዓይነት ቆሻሻ ለመያዝ እንዲችሉ ያደረጋቸው ጠባይ፣ ቫይረሱም ብዙ ዓይነት ፕሮቲን ለመያዝ የሚጠቀምበት ጠባይ ነው።

የክሎሮኪን ታሪክ

እዚህ ላይ አንድ ጥያቄ መነሣቱ አይቀርም። ኦቶፋጂ ለቫይረሱ ጥቅም ከሰጠ፣ ለምን አይዘጋም? የሚዘጋውም መድኃኒት ከሩቅ የሚፈለግ አይደለም። በኢትዮጵያ ለወባ ሕክምና ለብዙ አሥርት ዓመታት የታወቀው ክሎሮኪን በላይሶሶም ውስጥ ተከማችቶ አሲዱን ያዳክማል፤ ኦቶፋጂም ከፍጻሜ ሳይደርስ ይቀራል። በቤተ ሙከራ ማብቀያ ሳህን ላይም የቺኩንጉንያን ቫይረስ መራባት ቀንሷል።

ይሁን እንጂ መድኃኒቱ በሰው ላይ ሲፈተን ተስፋው አልተፈጸመም። እ.ኤ.አ. በ2005 እና በ2006 በህንድ ውቅያኖስ በምትገኘው በሬዩንዮን ደሴት ቺኩንጉንያ ከነዋሪው ሲሶ የሚሆነውን አጥቅቶ ነበር። በዚያ ጊዜ የተካሄደውና እ.ኤ.አ. በ2008 የታተመው ሙከራ፣ ክሎሮኪን የወሰዱት በሽተኞች ካልወሰዱት ፈጥነው እንዳልዳኑ አሳየ። ከዚህም በላይ ከ200 ቀን በኋላ በመገጣጠሚያ ሕመም የሚያማርሩት በብዛት መድኃኒቱን የወሰዱት ሆነው ተገኙ። እ.ኤ.አ. በ2018 በታተመ የዝንጀሮዎች ጥናትም አስቀድሞ የተሰጠ ክሎሮኪን በደም ውስጥ ያለውን ቫይረስ ከመቀነስ ይልቅ አባብሶታል።

ክሎሮኪን በሰውነት ላይ ብዙ ዓይነት ውጤት ስላለው፣ ይህ ጉዳት የመጣው ኦቶፋጂ በመዘጋቱ ብቻ ነው ብሎ መደምደም አይቻልም። ሆኖም ትምህርቱ ግልጽ ነው። ጠቅላላውን አሠራር የሚዘጋ መድኃኒት ወዳጁን ፒ62 ከሚበደለው ኤን.ዲ.ፒ.52 አይለይም። ሰፈሩ ሌባ ስለ ገባበት የጽዳት ሠራተኞችን ሁሉ ማገድ እንደ ማለት ነው። የተሻለው መንገድ ቫይረሱ ኤን.ዲ.ፒ.52ን የሚይዝበትን አንዱን መገናኛ ለይቶ መፍታት ነው። ይህን ለማድረግ ግን የፕሮቲኑን አንድ የቆመ ሥዕል ማየት አይበቃም፤ ከየትኛው አቋም ወደ የትኛው አቋም እንደሚሄድ፣ ቫይረሱም በየትኛው አቋሙ ላይ ሳለ እንደሚይዘው ማወቅ ያስፈልጋል።

ወባና ትንሿ ልዩነት

እንዲህ ያለ ለይቶ የመምታት ዕድል መኖሩን የሚያሳይ ምሳሌ ከሌላው የድሬዳዋ በሽታ፣ ከወባ ይገኛል። አኖፌሊስ ስቴፈንሲ የተባለችው፣ ከእስያ የመጣችው የወባ ትንኝ በኢትዮጵያ ለመጀመሪያ ጊዜ የታየችው እ.ኤ.አ. በ2016 በቀብሪ ደሐር ነበር። ይህች ትንኝ እንደ ኤዴስ ሁሉ በከተማ የውሃ ማጠራቀሚያ ውስጥ ትራባለች፤ ደረቅ ወቅትም አይበግራትም። በድሬዳዋ ከጥር እስከ ግንቦት ባሉት ወራት የተመዘገበው የወባ በሽተኛ ቁጥር እ.ኤ.አ. በ2019 ከነበረበት 205 እ.ኤ.አ. በ2022 ከ2,400 በላይ የደረሰ ሲሆን፣ ወረርሽኙ ከዚች ትንኝ ጋር የተያያዘ መሆኑ ተረጋግጧል።

የወባ ተሕዋስም የራሱ ኤቲጂ8 አለው። ይሁንና ዋና ሥራው ቆሻሻ ማስወገድ አይደለም። አፒኮፕላስት የምትባለውን፣ ተሕዋሱ ያለ እርሷ ሊኖር የማይችላትን የውስጥ አካል ለማቆየት ያገለግላል። የሰው ኤቲጂ8 ከሥራ በፊት ጭራው መቆረጥ ሲኖርበት፣ የወባው ግን ሲፈጠር ጀምሮ ጭራ የለውም። ከዚህም ሌላ እ.ኤ.አ. በ2012 የታተመው የቅርጽ ጥናት በወባው ኤቲጂ8 ላይ፣ በሰው ዘንድ የሌለች አንዲት ትርፍ ቀለበት ከኤቲጂ3 ጋር በሚገናኝበት ስፍራ መኖሯን አሳይቷል። የሰውን ሳይነካ የተሕዋሱን ብቻ የሚመታ መድኃኒት ለሚፈልግ ተመራማሪ እንዲህ ያለች ትንሽ ልዩነት ትልቅ ደጅ ናት።

ለባልደረቦች የሚቀረው ሥራ

ከዚህ ሁሉ በመነሣት አራት ነገሮችን ማስገንዘብ ይቻላል።

አንደኛ፣ በማስተማር በኩል። የቁልፍና የቁልፍ ቀዳዳ ምሳሌ ለመጀመሪያ ትምህርት ጠቃሚ ቢሆንም፣ በዚያ ላይ መቆም ተማሪውን ያሳስተዋል። የፕሮቲን ቅርጽ ሊያዝባቸው ከሚችሉ ብዙ አቋሞች አንዱ ብቻ መሆኑን ከመጀመሪያው መንገር ይገባል።

ሁለተኛ፣ በምርምር በኩል። አልፋፎልድ የተባለው የኮምፒዩተር ዘዴ ከ2021 እ.ኤ.አ. ጀምሮ እጅግ ብዙ የፕሮቲን ቅርጾችን ተንብዮ ለሕዝብ በነፃ አቅርቧል፤ ከዚህ ጋር የተያያዘውም ሥራ የ2024ቱን የኬሚስትሪ ኖቤል ሽልማት አግኝቷል። ውድ መሣሪያ በሌለበት ስፍራ ለሚሠራ ተመራማሪ ይህ ታላቅ በረከት ነው። ነገር ግን ዘዴው እምነት የማይጣልበት ብሎ የሚያመለክተው ልል ክፍል እንደ ጉድለት ተቆጥሮ ሊታለፍ አይገባም። በኦቶፋጂ ፕሮቲኖች ላይ ዋናው ሥራ ብዙ ጊዜ የሚሠራው እዚያው ነውና።

ሦስተኛ፣ በመድኃኒት በኩል። በማብቀያ ሳህን ላይ የታየ ውጤት በበሽተኛ አልጋ ላይ ሳይፈተን ሕክምና ሊባል እንደማይገባ የክሎሮኪን ታሪክ በሚገባ ያስተምራል። ለቺኩንጉንያ ቫይረሱን ለይቶ የሚያጠፋ የታወቀ መድኃኒት እስካሁን የለም። በሽተኛው የሚረዳው ዕረፍት፣ በቂ ፈሳሽና የሕመም ማስታገሻ በመስጠት ነው። ዴንጌ አለመሆኑ ሳይረጋገጥም አስፒሪንና የመሳሰሉት የደም መፍሰስን የሚያባብሱ መድኃኒቶች ሊሰጡ አይገባም። ሁለቱም በሽታዎች በታዩበት በድሬዳዋ ይህ ጥንቃቄ የተለየ ክብደት አለው።

አራተኛ፣ በመከላከል በኩል። የሞለኪውል ጥናት ፍሬ እስኪያፈራ ድረስ በርሜልን መክደን፣ ጎማን ማንሣት፣ የቆመ ውሃን ማፍሰስ በየሰው እጅ ያለ መከላከያ ነው። በዚህ ረገድ የገበያው ንጽሕናና የሕዋሱ ንጽሕና ሁለት ትምህርቶች አይደሉም።

ክቡራትና ክቡራን፤

የማኮንዴ ሕዝብ በሽታውን በሚያጎብጥ ጠባዩ ሰየመው። የታመመው ሰው ጎብጦ መቃናት ያቅተዋል፤ ሥቃዩም ያለው በዚህ ነው። በሕዋስ ውስጥ ያሉት የጽዳት ፕሮቲኖች ግን ቀኑን ሙሉ ይታጠፋሉ፤ ይቃናሉም፤ ጤንነት የሚጠበቀውም በዚሁ እንቅስቃሴያቸው ነው። ቫይረሱ ይህን እንቅስቃሴ የት ላይ እንደሚይዘው በትክክል የታወቀ ዕለት፣ በቀፊራ ጭነቱን ለማንሣት ጎንበስ የሚለው ሰው ተመልሶ ቀና እንዲል ለመርዳት የሚቻልበት መንገድ ይቀርባል።